ከመናኸሪያ የገዛሁት ቡሉኮ

ባለፈው ቅዳሜ መናኸሪያ አካባቢ ሰልባጅ ከሚዘረጉት ልጆች ጃኬት ልገዛ ሄጄ ቡሉኮ ይዤ ተመለስኩ። ከውጭ አገር ጃኬት ክምር ሥር ተጣጥፎ ነበር። "ከየት መጣ?" ብዬ ሻጩን ብጠይቀው፣ "ሰው ቤት ሲለቅ ከዕቃው ጋር የሸጠልን ነው፣ ሌላ አላውቅም ቲቸር" አለኝ። የታሪክ አስተማሪ ደግሞ "አላውቅም" ሲባል እንቅልፍ አይወስደውም 😀

ቤት ወስጄ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። መጀመሪያ ያየሁት መሃሉን ሰንጥቆ የሚሄደውን ስፌት ነው። በእጅ የሚሸመን ጨርቅ ስፋቱ የሸማኔው ክንድ መወርወሪያውን ወርውሮ እስከሚቀበልበት ድረስ ነው፤ ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ጠባብ ጠባቡ ተሸምኖ ጎን ለጎን ይሰፋል። ቀጥሎ ክሩን አየሁ። የፋብሪካ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። የዚህ ማግ ግን አንዴ ወፈር፣ አንዴ ቀጠን ይላል። እንዝርት ላይ የተፈተለ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ እዚሁ ሀዋሳ ለሚሸምኑ አንድ የዶርዜ አባት አሳየኋቸው። ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ "ይሄ የሁለት ሴት ፈትል ነው። አንዷ ታከረዋለች፣ አንዷ ላላ ታደርገዋለች። እናትና ልጅ ይሆናሉ" አሉኝ።

"ሸማኔውስ አባባ?"

"ሸማኔውማ እኛው ነን" ብለው ሳቁ።

ይቺ "እኛው" ረጅም ታሪክ አላት። ዶርዜ ከአርባ ምንጭ ከፍ ብሎ፣ ጨንቻ ያለችበት የጋሞ ደጋ ነው። በልማዱ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአፄ ምኒልክ ጦር ጋሞን ከያዘ በኋላ ብዙ ሸማኔ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ሽሮ ሜዳ በሸማ የታወቀችው በእነሱ እጅ ነው። ለመስቀል ግን አገራቸው ይገባሉ።

አገር ሲያለብሱ የኖሩት እነዚህ ሰዎች ሲሰደቡም ኖረዋል። አፄ ምኒልክ ራሳቸው በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን አልቀረም።

እንዴት አወቅክ ካላችሁኝ፣ ክላሴ ውስጥ ስለነበረ ነው።

ዲፕሎማዬን ይዤ ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ በየዓመቱ የኢንዱስትሪ አብዮትን አስተምሬያለሁ። ሃርግሪቭስ በ1764 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለሠራው የመፍተያ ማሽን፣ ስለ ማንቸስተር ጥጥ ሰሌዳ ሙሉ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ከክላስ በኋላ አንድ ልጅ ቀርቦ፣ "ቲቸር፣ አባቴ ሸማኔ ነው። ለክላሱ እንዳትነግርብኝ" አለኝ። እሺ አልኩት። ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ የእንግሊዝን ሸማኔ ስም እያስጠናሁ የገዛ ተማሪዬን አባት ሥራ አብሬ ደበቅኩ። ያን ልጅ ጠርቼ "አባትህ ድሩን እንዴት ነው የሚያደራው? እስቲ አስረዳን" ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይህን የምታነብ ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ።

እናንተም የድሮ ተማሪዎቼ፣ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብታችሁ ሸሚዝ የሰፋችሁ አላችሁ። ሸሚዙ ላይ የብራንዱ ስም አለ፣ የእናንተ የለም። ቡሉኮው ላይም የእናትና የልጂቱ ስም የለም። ስማቸውን አላገኘሁትም፣ የማገኘውም አይመስለኝም። እጃቸውን ግን አግኝቻለሁ፤ አንዷ ያከረረችው፣ አንዷ ያላላችው ክር ማታ ማታ ይሞቀኛል።

እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ያለውን ጋቢ አውጡና እናታችሁን ጠይቁ። ማን ፈተለው? ማን ሸመነው? ስማቸውን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የዘንድሮውን ትምህርት ከማንቸስተር በፊት ከእነሱ እጀምራለሁ።