አዲስ አበባና ዋሽንግተን፦ አንድ ርቀት፣ ሁለት የጉዞ ሰዓት

በአዲስ አበባው ቦሌና በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው የአየር ርቀት፣ ማለትም በሉላዊው የምድር ገጽ ላይ ሁለቱን ስፍራዎች የሚያገናኘው የአጭሩ ቅስት ርዝመት፣ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ርቀቱ ለሄያጁም ለመጪውም አንድ ቢሆንም የሚወስደው ሰዓት ግን ይለያያል፤ የልዩነቱም ዋነኛ ምክንያት አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ከፍታ ነው።

የአየር ጉዞ ከመጀመሩ በፊት፣ አሜሪካዊው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ለመፈራረም ሲመጣ የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ የሚደርሰው እስከ ድሬዳዋ ብቻ ስለነበር፣ ቀሪውን መንገድ ከነጓዙ በበቅሎና በግመል መጓዝ ግድ ሆኖበታል። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ቢሆን የባሕሩ ጉዞ ብቻውን ሳምንታት ይፈጅ ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተመሠረተው ትራንስ ወርልድ ኤርላይንስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲሆን፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አሜሪካውያን አብራሪዎችና መካኒኮች ያደራጁት ይህ ድርጅት ወደ አሜሪካ መደበኛ በረራ ለመጀመር ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መጠበቁ ግን ሊጤን የሚገባው ነው፤ ሙያው በአንድ ትውልድ ውስጥ ሲለመድ፣ ያን ያህል ርቀት የሚዘልቅ አውሮፕላን ለረጅም ጊዜ አልተሠራም ነበርና። በ1950ዎቹ አጋማሽ የመጡት ቦይንግ 720 ጄቶች እንኳ ለቀድሞው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ አጭር መንደርደሪያ ስላልተስማሙ ቦሌ እንዲሠራ ምክንያት ሆኑ እንጂ ከአዲስ አበባ አሜሪካ በአንድ ትንፋሽ የሚያደርሱ አልነበሩም።

ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አንድ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ ከ13 ሰዓት ጥቂት በላይ በርሮ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ለባለሁለት ሞተር አውሮፕላን በጊዜው ክብረ ወሰን የሆነ ርቀት ሸፈነ። የተጓዘው መንገድ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ አውሮፕላን ለነፋስና ለአየር ክልል ፈቃድ ሲል ከአጭሩ ቅስት መውጣቱ የተለመደ ነው።

ይህ ታሪካዊ በረራ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ እንጂ በተቃራኒው አለመሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ደለስ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በታች ከፍ ሲል፣ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ይገኛል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ እጅ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩ የሚሰጠው ግፊትም ሆነ ክንፉ የሚያገኘው ሽቅብ የሚያነሣ ኃይል ይቀንሳል። በመሆኑም አውሮፕላኑ ረጅም ርቀት ተንደርድሮ፣ ክብደቱንም ቀንሶ መነሣት አለበት፤ ተጓዥና ጭነት ገቢ ስለሆኑ በቅድሚያ የሚቀነሰው ነዳጁ ነው። የጎደለውን ለመሙላት በመንገድ ማረፍ ያስፈልጋል፤ በ1990 ዓ.ም. ግድም የአሜሪካው መስመር ሲከፈት ሮም፣ ኋላም ደብሊንና ሎሜ ለዚህ አገልግለዋል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስም መጪውን ሲገፋ ሄያጁን ይገታል። እንዲህ ሆኖ መልሱ በ13 ሰዓት ገደማ ሲጠናቀቅ መሄጃው ከነዕረፍቱ ከ16 ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ነሐሴ 2004 ዓ.ም. የገባው ቦይንግ 787፣ ክፍሎቹ በአብዛኛው ከቀላል ጥንቅር ቁስ በመሠራታቸው ነዳጅ ቢቆጥብም፣ የቦሌን ስስ አየር አላስቀረውም። ለአዲሱ ግዙፍ ማረፊያ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የተመረጠው ስፍራ ከቦሌ በ400 ሜትር ግድም ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን ከቦሌ ከሚነሣው የበለጠ ነዳጅ ወይም ጭነት መያዝ ይችላል።