ከሣር እስከ ጣሳ፦ የቤታችን ጌጥ ታሪክ

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ከባዶ ጣሳ፣ ከተቀደደ ማዳበሪያና ከአሮጌ ልብስ የምንሠራው የቤት ጌጥ የድህነት ምልክት ነው ወይስ ሙያ? አንዳንድ እህቶቻችን እንግዳ ሲመጣ ከግድግዳ አውርደው እንደሚደብቁት ነግረውናል። መልሱን ከአካባቢያችን ታሪክ ብንፈልገው ይሻላል።

ባቢሌ ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለች ሁለት የቤት ሙያዎች ደጃችን ላይ ይገናኛሉ። በምዕራብ በኩል የሐረሪ ቤት አለ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በመዘገበው በጁገል ውስጥ የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ በስፌት ያጌጠ ነው። ስፌቱ ግን ለመታየት ብቻ አልተሠራም። ምግብ ይቀርብበታል፣ ለሠርግ ስጦታ ይሆናል፣ ሥራው ሲያበቃ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ነጋዴ ከባሕር ማዶ ባለ አበባ የብረት ሳህን ሲያመጣ ደግሞ የሐረር ሴቶች ከስፌቱ ጎን ሰቀሉት። ዛሬ ያ ሳህን የሐረሪ ቤት ወግ ሆኗል።

በምሥራቅ በኩል የሶማሌ አርብቶ አደር ቤት፣ አቃል፣ አለ። አቃልን የሚተክሉትም የሚነቅሉትም ሴቶች ናቸው። እነሱ የሠሩት ምንጣፍ ከውጭ ዝናብና ፀሐይ ይከላከላል፤ ከውስጥ ጌጥ ነው። ከተክል ጭረት የሚሰፉት የወተት ዕቃም ጠብታ አያፈስም። ግመል ላይ የሚጫን ቤት ለዓይን ብቻ የሚሆን ዕቃ አይሸከምም፤ ያማረውም የሚጠቅመውም አንድ ነው።

በ1980 ዓ.ም. በሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሕዝብ ከሐርጌሳና ከአካባቢዋ ሸሽቶ በጅጅጋ አቅጣጫ ሐርቲሼክ ሰፈረ። ምንጣፉና የወተት ዕቃው ከብዙዎች እጅ ወጥቶ ነበር። ሴቶቹ ግን እንደ ጥንቱ እንጨት አጉብጠው ያገኙትን ጨርቅ፣ ላስቲክና ማዳበሪያ አለበሱት። ቁሳቁሱ ጠፋ፤ ሙያው ግን ከእጃቸው አልጠፋም።

የተጣለን ዕቃ ማዳን በእኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። በአዲስ አበባ ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው ቆርቆሮና ጠርሙስ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያም በርሜሉና ጣሳው ተቀጥቅጦ ምድጃና ሌላ የቤት ዕቃ ሆኖ ይሸጣል።

እንግዲህ እናቶቻችን ግድግዳቸውን ያስጌጡት በገዙት ጌጥ ሳይሆን በሚሠሩበት ዕቃ ነው። በየዘመኑ የተገኘውንም፣ ሣር ይሁን ብረት ወይም ላስቲክ፣ በእጃቸው ሙያ የቤታቸው አድርገውታል። ስለዚህ ጣሳው አያሳፍረንም። የሚያሳፍረን ጠርዙ ሳይታጠፍ እጅ የሚቆርጥ ጣሳ፣ ክሩ ላልቶ የሚፈታ ስፌት ነው።

የሚያሳስበን ግን ሌላ ነገር አለ። የማዳበሪያ ክር በየቤቱ ሞልቷል፤ በሣር ጠበቅ አድርጎ መስፋት የሚያውቁ እናቶች ግን እያነሱ ናቸው። ክሩን ይዘን አሰፋፉን ካጣን የቀረልን ቆሻሻው ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን አንዲት ሙያ የምታውቅ እናት ወደ ሥራ ቀናችን ይዘን እንምጣ። ደጋፊዎቻችንም ለአዲስ ዕቃ መግዣ ከምታስቡት ላይ ለእነዚህ እናቶች የማስተማሪያ አበል እንድታስቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።