እየፈሩ የሳቁ አንባቢያን

ሰርግ ነው። ሙሽራዪቱ ቀርባለች፣ እድምተኛው ተሰብስቧል፤ የአሥራ አምስት ዓመቱ ሙሽራ ኮንራድ ግን ዘገየ። ሊጠራው የተላከው አገልጋይ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተመልሶ ወደ ግቢው ብቻ ይጠቁማል። ሰው ሁሉ ግር ብሎ ሲወጣ ምን ይመልከት? ለሰው ራስ ከተሠራ ቁር መቶ ጊዜ የሚበልጥ፣ ጥቁር ላባ የተሰካበት የብረት ቁር ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሙሽራውን ጨፍልቆታል።

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ደነገጡ ወይስ ፈገግ አሉ? እኔ መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ አመለጠኝ፤ መጽሐፉን ግን እስክጨርሰው ድረስ ከእጄ አላስቀመጥኩትም። የጎቲክ ልብ ወለድ ጠባዩ ይኸው ነው፤ ገና ሲወለድ ጀምሮ ያስፈራል፣ ያስቃልም። ስለ ደራሲዎቹ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚገርመኝ ግን የአንባቢዎቹ ሳቅ ነው፤ ማን ሳቀ? በማንስ ሳቀ?

ባለ ቁሩ ልብ ወለድ "የኦትራንቶ ግንብ" ይባላል። ደራሲው ሆራስ ዎልፖል የጠቅላይ ሚኒስትር ልጅና ራሱም የፓርላማ አባል የነበረ፣ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ የሚገኘውን መኖሪያውን በመካከለኛው ዘመን ግንብ አምሳል ያስጌጠ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1764 መጽሐፉን ሲያሳትም ስሙን ደበቀ። በ1529 ኔፕልስ ላይ ታትሞ በአንድ የካቶሊክ ቤተሰብ ቤተ መጻሕፍት የተገኘ የጣሊያንኛ ጽሑፍ ትርጉም ነው ሲል አስነገረ። ወዳጁ ባለቅኔው ቶማስ ግሬይ ከካምብሪጅ በላከለት ደብዳቤ፣ እዚያ ካሉት አንዳንዶቹ ጥቂት እንዳለቀሱ፣ ሁሉም ግን ማታ መኝታቸው ለመግባት እንደፈሩ አጫወተው። እነዚህ እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው!

በ1765 ሁለተኛው እትም ሲወጣ ዎልፖል "ደራሲው እኔው ነኝ" ብሎ አመነ። ይሄኔ "መንዝሊ ሪቪው" የተባለው መጽሔት ጉድ ሆነ። የመጀመሪያውን እትም የድሮ ሰው ሥራ መስሎት በመልካም ዓይን አይቶት ነበር፤ የዘመኑ የተማረ ሰው እንደጻፈው ሲሰማ ግን ተቆጣ። ታሪኩ ያው ታሪክ፣ ቁሩም ያው ቁር ነው። የተለወጠው የሃያሲው ኩራት ብቻ ነው።

ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ክላራ ሪቭ የተባለች ደራሲ በዚያው መንገድ የራሷን ልብ ወለድ ጻፈች። መቅድሟ ላይ፣ መቶ ሰው የሚሸከመው ሰይፍና ያ ግዙፍ ቁር ለማስፈራት ታስበው ሳቅ እንደሚያመጡ አመለከተች። እውነቷን ነው። ዎልፖል ግን የዋዛ ሰው አልነበረምና፣ ከእሷ መጽሐፍ ይልቅ ማንኛውም በለንደን የወንጀል ችሎት የሚታይ የነፍስ ግድያ ክስ የተሻለ ታሪክ ይወጣዋል ሲል መለሰላት። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ልክ ናቸው።

ወደ ትልቋ እመቤት ልለፍ። አን ራድክሊፍ ባሏ የጋዜጣ ሰው በመሆኑ ሥራ ላይ ሲያመሽ እሷ ቤት ተቀምጣ ትጽፍ ነበር። በ1794 የወጣው "የዩዶልፎ ምስጢሮች" በአራት ጥራዝ የታተመ ሲሆን 500 ፓውንድ ተከፈላት፤ ለልብ ወለድ በዚያ ዘመን ጆሮ የሚያስይዝ ገንዘብ ነበር። ታሪኩ በአብዛኛው ጣሊያን ውስጥ ይፈጸማል፤ ደራሲዋ ግን ጣሊያንን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ባለታሪኳ ኤሚሊ በክፉ ሰው ግንብ ውስጥ ታስራ፣ ሽፍታ በዙሪያዋ እየዞረ፣ ግጥም ትገጥማለች። ከግጥሙ ስትመለስ ደግሞ ራሷን ትስታለች።

አንድ ቀን ኤሚሊ በጥቁር መጋረጃ የተሸፈነ ነገር ገልጣ አየችና ተዘረረች። ምን አየች? ራድክሊፍ አትናገርም። አንባቢው ጥራዝ ከጥራዝ እየቀያየረ መቶዎች ገጾችን ሲያገላብጥ ይከርማል። መጨረሻው ሲደርስ ያ ነገር ከሰም የተሠራ የሬሳ ምስል ሆኖ ተገኘ። ሰም! በራድክሊፍ ቤት መንፈስ ሁሉ በመጨረሻ ምክንያት ይገኝለታል። ሰር ዋልተር ስኮት እንኳ፣ እያደነቃት፣ በዚህ ልማዷ ቅር መሰኘቱን ጽፏል።

ይህን ሁሉ ጥራዝ ሰው እንዴት ገዝቶ ይዘልቀዋል ቢሉ፣ አይገዛም፤ ይከራያል። ዊልያም ሌን የተባለ አሳታሚ ሚኔርቫ በሚባለው ማተሚያ ቤቱ አስፈሪ ልብ ወለዶችን እያከታተለ ያወጣ ነበር፤ በየከተማው ያሉ የኪራይ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ለደንበኞቻቸው ያከፋፍሏቸዋል። እዚህ አዲስ አበባም መጽሐፍ በሳንቲም ተከራይቶ ያነበበ ሰው፣ ቀጣዩን ክፍል ሌላ ሰው ወስዶበት የማደርን ጣር ያውቀዋል።

በ1797 አንድ ስሙን ያልገለጸ ጸሐፊ የእንዲህ ዓይነቱን ልብ ወለድ አሠራር እንደ ወጥ አሠራር አድርጎ አወጣው። ግማሹ የፈረሰ ግንብ፣ በር የበዛበት ረጅም መተላለፊያ፣ ትኩስ ሬሳ ሦስት፣ ዐፅም የዚያኑ ያህል፣ አንዲት የታረደች አሮጊት፣ ሹክሹክታና የሲቃ ድምፅ እንደ አስፈላጊነቱ። ይህ ሁሉ በሦስት ጥራዝ ተደባልቆ ከመኝታ በፊት ይወሰዳል። ቀልዱ ያስቃል፤ ነገር ግን መርዝ አለበት። ሰውየው የሚስቀው በመጻሕፍቱ ብቻ ሳይሆን በሚያነቧቸው ወጣት ሴቶች ነው፤ በኪሳቸው መርፌና ክር መያዝ ሲገባቸው የደም ጩቤ ሊይዙ ነው ይላል። ወንዶቹስ አያነቡም ነበር? "መንኩሴው" የተባለውን፣ ከሁሉም የባሰውን መጽሐፍ በ1796 ያወጣው ማቲው ሉዊስ ወንድ፣ በዚያ ላይ በዚያው ዓመት ፓርላማ የገባ ሰው ነው።

ለዚህ የሚሆን መልስ የመጣው ከገጠር ቄስ ቤት ነው። የጄን ኦስተን ቤተሰብ ልብ ወለድ በማንበቡ የማያፍር ነበር። በኦክቶበር 1798 ቤተሰቡ በጉዞ ላይ ሳለ አባቷ ከመጽሐፍ አከራይ የተዋሰውን "የእኩለ ሌሊቱ ደወል" የተባለ አስፈሪ ልብ ወለድ እያነበበ መሆኑን ለእህቷ ጽፋላታለች። ሽማግሌው ቄስ፣ ማረፊያ ቤት ውስጥ፣ ከእኩለ ሌሊቱ ደወል ጋር!

ኦስተን በዚያው ሰሞን መጻፍ በጀመረችው "ኖርሳንገር አቢ" ውስጥ ካትሪን የምትባል ልጅ "ዩዶልፎ"ን አንብባ በእንግድነት የሄደችበትን ቤት ሁሉ በዚያ ዓይን ታየዋለች። በማዕበል ሌሊት ከቁም ሣጥን ውስጥ ጥቅል ወረቀት አግኝታ ሻማው ይጠፋባታል፤ በፍርሃት ተሸፋፍና ታድራለች። ሲነጋ ወረቀቱ የልብስ አጣቢ ሒሳብ ሆኖ ይገኛል። ሳቁ እስከዚህ የተለመደ ነው። ኦስተን ግን አንድ ነገር ጨመረችበት፤ የሚወዳት ጎልማሳ፣ የተማረው ሄንሪ፣ "ዩዶልፎ"ን ፀጉሩ እየቆመ በሁለት ቀን እንደጨረሰው ሳያፍር ይናገራል። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለኝ ደግሞ፣ ካትሪን ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ስትንሰፈሰፍ ኦስተን ምስጢሩን አለማውጣቷ ነው። "ዩዶልፎ"ን ያላነበበ አንባቢ እንደጓጓ ይቀራል። የሌላውን ደራሲ ምስጢር እንዲህ የሚጠብቅ ንቀት የለም።

መጽሐፉ ግን ዕድል አልቀናውም። በ1803 አንድ አሳታሚ በ10 ፓውንድ ገዝቶ ሳያትመው አስቀመጠው። በ1809 ኦስተን በሐሰት ስም ደብዳቤ ጻፈችለት፤ የስሙ መነሻ ፊደላት በእንግሊዝኛ ሲገጣጠሙ "እብድ" የሚል ቃል ይሰጣሉ። አሳታሚው፣ ሌላ ቦታ ብታሳትሚው አስቆምሻለሁ፣ ከፈለግሽ በዚያው በ10 ፓውንድ ውሰጂው አላት። የተመለሰላት በ1816 ነው፤ ታትሞ የወጣው ግን እሷ ከሞተች በኋላ፣ በ1817 መጨረሻ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የካትሪን ጓደኛ ሰባት አስፈሪ ልብ ወለዶችን በስም ትዘረዝራለች። ጊዜ አለፈና ሰባቱም ተረሱ፤ አንባቢዎችም ኦስተን ለቀልድ የፈጠረቻቸው ርዕሶች ይመስሏቸው ጀመር። መጻሕፍት ሰብሳቢው ማይክል ሳድሊር በ1927 ባወጣው ጽሑፍ ሰባቱም በእውነት የተጻፉ መሆናቸውን አስረዳ። በ1968 ሰባቱ አንድ ላይ እንደገና ታተሙ። እነርሱን የመሰሉ በመቶ የሚቆጠሩ የሚኔርቫ መጻሕፍት ዛሬ ስማቸውን የሚያነሳ የለም፤ እነዚህን ያተረፋቸው የአንዲት አንባቢያቸው ሳቅ ነው።

ከሰባቱ ሁለቱን የጻፈችው ኤሊዛ ፓርሰንስ ነች። የባሏ ንግድ በእሳት ወድሞ፣ በኋላም እሱ ሞቶባት፣ ብዙ ልጆቿን በብዕሯ ለማሳደግ የታገለች ሴት ነበረች። በ1793 ካወጣችው "የቮልፈንባኽ ግንብ" ውስጥ ባለታሪኳ ማቲልዳ ከክፉ አጎቷ ሸሽታ ሰው የሚሸሸው ግንብ ውስጥ ትጠለላለች። ራሷን መሳት ታበዛለች፤ እኔም ብዙ ቦታ ላይ ስቄአለሁ። አገሩ ሁሉ የሚፈራው የመንፈስ ድምፅ ግን የመንፈስ አልነበረም። ማቲልዳ ወደ ላይኛው ክፍል ስትወጣ የምታገኘው፣ ባሏ ዓመታት ሙሉ ከሰው ዓይን ሰውሮ ያሰራትን የግንቡን እመቤት ነው። እዚያ ገጽ ላይ አልሳቅሁም።