ባለ 60 ሻማው አምፖልና ያልቀረበው ሒሳብ

በአማርኛችን ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ነገር ሁሉ «መብራት» ብለን እንጠራዋለን። ወፍጮው ሲቆም «መብራት ጠፋ» እንላለን፤ የቀዘቀዘው ምጣድ መጋል ሲጀምር «መብራት መጣ» እንላለን። መሥሪያ ቤቱም ስሙ ስንት ጊዜ ቢለዋወጥ በሕዝቡ አንደበት «መብራት ኃይል» እንደሆነ ቀርቷል። ይህ አጠራር እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ለብዙው የአገራችን ሰው ኤሌክትሪክ ወደ ቤቱ የገባው በአንዲት አምፖል ነው፤ መንግሥትም ከጓዳው ድረስ ከገባባቸው መንገዶች አንዱ ያችው የአምፖል ሽቦ ናት። ስለዚህ የአምፖላችን ታሪክ ከመንግሥት ጋር ያለን ግንኙነት አንዱ ገጽ ነው። ዛሬ ላነሣው የወደድሁት ይህንኑ ገጽ ነው፤ አሮጌውን አምፖል አውልቀን ኃይል ቆጣቢውን የሰካንበትን የ2001 እና የ2002 ዓ.ም. ዘመን።

ጊዜውን የኖረበት ያስታውሰዋል። በእኛ ሰፈር መብራት አንዱን ቀን ይበራል፣ በማግስቱ ይጠፋል። «ፈረቃ» የሚለው ቃል ከፋብሪካና ከትምህርት ቤት ወጥቶ የጨለማ መጠሪያ ሆነ። እናቴ ሊጥ የምታቦካው ፈረቃውን በጣቷ ቆጥራ ነበር፤ ቆጠራው የተዛባ ዕለት ሊጡ ይኮመጥጥባታል። በዚያው ሰሞን አሮጌ አምፖል ያስረከበ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ያለ ክፍያ ይሰጠዋል የሚል ወሬ መጣ። እናቴ የሳሎኑን፣ የጓዳውን፣ የማድ ቤቱንና የበረንዳውን አራት አምፖሎች አስወልቃ፣ በጨርቅ ጠቅልላ በዘንቢል አስያዘችኝ። «ልጄ፣ እንዳይሰበርብህ። ያልተቃጠለ ደኅና አምፖል እኮ ነው» አለችኝ። የሚሠራን ዕቃ አሳልፎ መስጠት ለእርሷ ብክነት እንጂ ቁጠባ አልነበረም። ማታ አዲሱ ሲበራ ደግሞ ቀና ብላ አየችውና «ይኼ የሆስፒታል ብርሃን ነው» ብላ ዝም አለች።

እርሷ የምታውቀው አምፖል በ«ሻማ» የሚቆጠር ነበር። ባለ 40 ሻማ ለጓዳ፣ ባለ 60 ሻማ ለሳሎን፣ ባለ 100 ሻማ ለድግስ ቤት። ያ አምፖል ሽቦው ግሎ የሚያበራ ስለሆነ ከሚወስደው ኃይል ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ ብርሃን አያደርገውም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ኃይል ቆጣቢው ግን ባለ 60 ሻማው የሚሰጠውን ብርሃን በ11 ወይም በ13 ዋት ገደማ ይሰጣል። ማሸጊያው ላይ 11 የሚል ቁጥር ያየ ጎረቤታችን «አሥራ አንድ ሻማ ምን ሊያሳይ ነው?» ብሎ መሣቁ ትዝ ይለኛል። ያልተሣቀበት ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ አምፖላችንን እስከ መለወጥ ያደረሰን ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ ይገባል። የኤሌክትሪክ ብርሃን በአዲስ አበባ በመጀመሪያ የታየው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ፤ አቅሙም ከ7 ሜጋ ዋት በታች ነበር። በ1948 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ይዞ ሥራ ጀመረ። ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ግልገል ጊቤ አንድ ተከታተሉ። መንግሥታቱ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ቢሆኑም ሁሉም በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ መብራታችንን በውኃ ላይ፣ ውኃውንም በዝናብ ላይ አሳደሩት። ክረምቱ በሳሳ ቁጥር የከተማው ምሽት መጨለሙ እንግዲህ ሊያስደንቀን አይገባም።

ኃይል ቆጣቢው አምፖልም ራሱ የችግር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የዐረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ምዕራቡን ባስጨነቀ ጊዜ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲስ የሆነው ኤድዋርድ ሐመር ረጅሙን የፍሎረሰንት ቱቦ ጠምዝዞ በአምፖል ቁመት የሚያጥርበትን ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1976 አገኘ። ኩባንያው ግን የማምረቻው ወጪ ቢከብደው ንድፉን በመደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1980 በተራ አምፖል መያዣ ላይ የሚገጠም የራሱን ዓይነት ለገበያ አቀረበ።

ያው የነዳጅ ቀውስ በእኛ አገር የወለደው ግን ሌላ ነገር ነው። የቤንዚን ዋጋ መናርን ተከትሎ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፤ መምህሩ፣ ተማሪውና ወታደሩ የየራሱን ብሶት ይዞ ወጣ፤ ዓመቱ ሳይሞላ ዘውዱ ወደቀ። አብዮቱን ቤንዚን ብቻ አመጣው ማለቴ አይደለም። በዚያ የካቲት ሕዝቡ የጠየቀው ግን ከቤንዚን ዋጋ ያለፈ ነበር፤ «ለምን እዚህ ደረስን?» የሚል ነበር። በ2001 ዓ.ም. ያጣነው ይህን ጥያቄና መልሱን ነው።

በችግር ጊዜ አምፖል መለወጥን እኛ አልፈጠርነውም። ኩባ ያረጁ የኃይል ማመንጫዎቿ በተሰበሩባት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ከ9 ሚሊዮን በላይ አሮጌ አምፖሎችን በየቤቱ አስወልቃ በኃይል ቆጣቢ ተክታለች። በእኛም አገር በዘመቻው ጠቅላላ ከ5 ሚሊዮን በላይ አምፖሎች ታድለዋል። ለምን አምፖል ተመረጠ ቢባል፣ አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም ወደ 60 የሚጠጉ ባለ 60 ሻማ አምፖሎች ማለት ነው። ምጣድ ግን በየቤቱ በየሰዓቱ አይጣድም። አምፖሉ በሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይበራል። የኃይል እጥረት የሚያንቀውም ይህችን ሰዓት ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? የሠራን ሠራ ማለት ነውር አይደለም። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በመጀመሪያው ዙር የታደሉትን 350,000 አምፖሎች አጥንተው፣ አንድ ደንበኛ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት መቆጠቡን፣ በጠቅላላው ደግሞ 13.3 ሜጋ ዋት ያህል መትረፉን ገምተዋል። ይህን ቁጥር ከአባ ሳሙኤል ግድብ ጋር አስተያዩት። የየቤቱ አምፖል አንድ ላይ ሆኖ የዚያን የውኃ ኃይል ማመንጫ እጥፍ ኃይል አስገኝቷል፤ ግድብ ሳይገደብ፣ ገበሬ ሳይነሣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

አሁን ደግሞ ጥቅሙ ለማን እንደሆነ እናስላ። በወቅቱ የነበረው ዝቅተኛው የታሪፍ እርከን ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። በዚህ ሒሳብ አንድ ቤተሰብ በወር ያተረፈው ከ12 እስከ 14 ብር ነው። ያው ጥናት እንደሚለው አምፖሉ የደረሳቸው አብዛኞቹ አነስተኛ ኃይል የሚጠቀሙ፣ በአመዛኙም ድኾች ናቸው። እንግዲህ ድኻው ለራሱ ጥቂት ብር አተረፈ፤ ለመንግሥት ግን ሜጋ ዋት አበደረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሸክሙን ተካፍለናል። ብድር ደግሞ ሒሳብ አለው፤ አበዳሪው ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ መጠየቅ ይችላል።

የቀረበልን ሒሳብ ግን ድርቅ የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ድርቁ እውነት ነው፤ የግድቦቹ ውኃ መጉደሉም እውነት ነው። ነገር ግን ተከዜም ግልገል ጊቤ ሁለትም በተባሉበት ጊዜ አለመድረሳቸው የሰማይ ሥራ አልነበረም። ክፍተቱን ለመሙላት በኪራይ የመጡት ጄኔሬተሮች የሚያነዱት ናፍጣ የውጭ ምንዛሪያችን ነበር። 300 ሜጋ ዋቱ ተከዜ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። 420 ሜጋ ዋት የተባለለት ግልገል ጊቤ ሁለት በጥር 2002 ዓ.ም. ሪባን ከተቆረጠለት በኋላ በቀናት ውስጥ የውኃ መተላለፊያ ዋሻው ተደርምሶ ለወራት ሥራ አቆመ። ውሉ ያለ ግልጽ ጨረታ መሰጠቱም ብዙ ያነጋገረ ጉዳይ ነበር። በእኛ በኩል የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ አምፖሉን ለውጠናል፣ በፈረቃው ታግሠናል። ስለ ዋሻው ግን ለዚያ ዘንቢል ተሸካሚ ሕዝብ ቀርቦ «እዚህ ላይ ተሳስተናል» ያለው አልነበረም።

ተጠያቂነት የሌለው ቁጠባ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ያው ጥናት አንድ ፍንጭ ይሰጣል። ዘመቻው ካበቃ በ18 ወራት ውስጥ ከተቆጠበው ኃይል 20 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል። የእኛን ቤት ልመስክር፤ የበረንዳው አምፖል «ምን ይወስዳል፣ ቆጣቢ ነው» እየተባለ ሌሊቱን ሙሉ ያድር ጀመር። በእኛ ላይ የተፈረደው ቁጠባ የጋራ ዓላማ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰሞን ትእዛዝ ስለሆነብን፣ ትእዛዙ ሲያልፍ እኛም ዘነጋነው።

ሌላም ያልተነገረን ነገር ነበረ። በየአምፖሉ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ግራም ሜርኩሪ ነበር፤ በቤታችን የተቃጠሉት ግን ከቆሻሻ ጋር ተጣሉ። የት እንደሚመለሱ የነገረን ሰው አላጋጠመኝም። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው፣ በሜርኩሪ በተመረዘችው የጃፓን ከተማ የተሰየመው የሚናማታ ስምምነት አባላት፣ በ2022 ባደረጉት ጉባኤ የእነዚህ አምፖሎች ምርትና ንግድ በ2025 እንዲያበቃ ወስነዋል። በዚህ መካከል ኤል.ኢ.ዲ. መጣና የትናንቱን አዲስ አሮጌ አደረገው።

ዛሬስ? ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሕዝቡ ይህን ግድብ በቦንድም በደመወዝም አግዟል፤ ደስታውም የሚገባው ነው። ታሪፉ ደግሞ ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ጨምሯል፤ ከሕዝባችንም ግማሽ ገደማ የሚሆነው ገና መብራት አልደረሰውም። ስለዚህ በአምፖሉ ዘመን ሳይጠየቅ ያለፈው ጥያቄ ይበልጥ ገዝፎ ቆሟል፤ ኃይሉ ለማን ይደርሳል? በስንት ይሸጣል? ሲቋረጥስ ምክንያቱን የሚነግረን ማነው? «አምፖልህን ለውጥ» የሚል መንግሥት «ይኸውና ሒሳቤ» የማለት ግዴታም አለበት። ዜጋ በጨለማ ውስጥ ሊታገሥ ይችላል፤ ለምን እንደጨለመበት ሳይነገረው እንዲታገሥ መጠበቅ ግን ዜግነቱን መርሳት ነው።

ባለፈው ሰሞን እናቴ ቤት ሄጄ የበረንዳውን አምፖል በኤል.ኢ.ዲ. ለወጥሁላት። የወረደውን ተቀብላ ከድሮ ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከቀሩት ጋር አስቀመጠችው። «እማዬ፣ ምን ያደርግልሻል?» አልኋት። «ሲሰጡን አስፈርመውናል» አለችኝ፤ «ምናልባት አንድ ቀን ይጠይቁናል።»

እርሷ እስከ ዛሬ ሒሳቧን ይዛ ትጠብቃለች።