የሞተር ሳይክል ቸርኬና ጎማ አጠባ

የሞተር ሳይክል ቸርኬና ጎማ አጠባ ጭቃን፣ የካቴና ቅባትንና ከፍሬን ሸራ የሚረግፈውን ጥቁር ብናኝ ከቸርኬ፣ ከራጂና ከጎማ ላይ የማስወገድ ሥራ ነው። ሁለት ባልዲ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅና ቀላል ሳሙና ስለሚበቃው አብዛኛውን ጊዜ በቤት ይሠራል።

ከመኪና ጎማ አጠባ የሚለየው ሞተር ሳይክል በኩርባ ላይ አጋድሎ ስለሚሄድ ነው። ባጋደለ ጊዜ መንገዱን የሚይዘው የጎማው ጠርዝ ነው። ስለዚህ በመኪና ጎማ ጎን ላይ የሚቀባው ማብለጭለጫ እዚህ አሽከርካሪውን ሊጥል ይችላል። አንዳንዶች ጎማ ለማጥቆር የሚቀቡት ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ከማንሸራተቱም በላይ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። የሞተር ሳይክል ጎማ በሳሙናና በውሃ ብቻ ቢጸዳ ይበቃዋል።

አሠራር

በጋለ የፍሬን ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ሊያጣምመው ስለሚችል መጀመሪያ እስኪበርድ ይጠበቃል። ሞተሩ ይጠፋል፣ ማርሹም ዜሮ ላይ ይሆናል፤ ጎማው የሚዞረው በእጅ እየተገፋ ነው። ሞተሩን አስነስቶና ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ጎማ እያዞሩ መጥረግ ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን ካቴናው ጨርቁን ከያዘ ጣትን አብሮ ወደ ጥርሱ ይስባል። በዚህ ምክንያት ጣታቸው የተቆረጠ ሰዎች አሉ።

ቅባቱ በታጠበው ቸርኬ ላይ እንዳይረጭ ካቴናው ይቀድማል። ለዚህ ላምባ ያገለግላል፤ ቤንዚን ግን በአንዳንድ ካቴናዎች መጋጠሚያ ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ቀለበቶች ይጎዳል፣ እሳትም ያነሣል። ዲስኩ ላይ ዘይት ወይም ላምባ ከነካ በንጹሕ አልኮል ይጠረጋል። ሸራው ዘይት ከጠጣ ግን ብዙውን ጊዜ ከመቀየር በቀር መፍትሔ የለውም።

የአሉሚኒየም ቸርኬ አሲድና በረኪና አይወድም፤ የድስት መፈተጊያ ሽቦም ይቧጭረዋል። እንደ ያማሃ ኤጂ ባሉ የገጠር ሞተሮች ላይ ያለው የራጂ ቸርኬ ውሃ በራጂው ጫፍ ስለሚቋጥር በደንብ ካልደረቀ ይዝጋል። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ ወደ ጎማው እምብርት ከቀረበ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያጥባል።

ምርመራ

ጭቃ የሸፈነው ጉዳት የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። የተሰካ ሚስማር፣ የተሰነጠቀ ላስቲክና የጎደበ ቸርኬ ይፈለጋሉ። ራጂዎች በትንሽ ብረት ሲነኩ የላላው ከሌሎቹ የተለየ ደብዛዛ ድምፅ ይሰጣል። በጎማው ቦይ ውስጥ ያሉት ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆኑ ጎማው አልቋል። በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ አራት አኃዝ የምርት ሳምንትና ዓመት ያመለክታል፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ከአጠባ በኋላ ፍሬን፣ በተለይ ውሃ የገባበት የታምቡር ፍሬን፣ ለጊዜው ይደክማል። ወደ መንገድ ከመውጣት በፊት በዝግታ እየነዱ ደጋግሞ በመያዝ ሸራው እንዲደርቅ ይደረጋል።