ያልተዘረጋው ጃንጥላ

ለመሆኑ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ መሐንዲስ ለጠፈር ምርምር ምን ሊሠራ ይችላል? ይህን ጥያቄ ለወዳጆቼ ባነሳሁ ቁጥር ስለ ሮኬትና ስለ ጨረቃ ያወሩልኛል። የእኔን ልብ የሳበው ግን ሚዛን ፊት የሚቀመጠው ወጣት ነው።

በሆላንድ አገር፣ በባሕር ጠረፍ፣ ኖርድዋይክ በምትባል ከተማ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት የምርምርና የቴክኖሎጂ ማዕከል ይገኛል። ድርጅቱ በአብዛኛው ከአባል አገሮቹ የመጡ አዲስ ምሩቃንን ለአንድ ዓመት ያህል እየተቀበለ ከነባር ባለሙያዎች ጎን ያሠለጥናል። ለሥልጠና ከሚመደቡባቸው ክፍሎች አንዱ፣ ለመንኮራኩርና ለአንቴና የታሰበ ማናቸውም ቁስ የሚፈተንበት ላቦራቶሪ ነው።

ከፈተናዎቹ አንዱን ልንገራችሁ። የሙጫ፣ የቀለም ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ይመዘናል። ከዚያም አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ሳጥን ውስጥ በ125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ይሞቃል። ከፊቱ ሙቀቷ 25 ዲግሪ ላይ የተያዘ ትንሽ ሳህን ትቀመጣለች። ሰዓቱ ሲሞላ ቁራጩም ሳህኗም እንደገና ይመዘናሉ። ቁራጩ ከክብደቱ ከመቶ አንድ እጅ በላይ ከጎደለ፣ ወይም በሳህኗ ላይ ያረፈው ትነት ከቁራጩ ክብደት ከመቶ 0.1 እጅ ካለፈ፣ ቁሱ ወደቀ። የወጥ እንፋሎት በድስቱ ክዳን ላይ እንደሚያርፍ ሁሉ፣ አየር በሌለበት ጠፈር ከሙጫ የሚወጣ ትነትም ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ያርፋል። ያ ቦታ የካሜራ ሌንስ ከሆነ ካሜራው ታወረ ማለት ነው።

ሌላው ፈተና የሙቀትና የቅዝቃዜ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ዘንግ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሲለዋወጥ 4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። ይህ ለቤት በር ምንም አይደለም። ከሩቅ ፕላኔት የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ለሚሰበስብ አንቴና ግን ቅርጹን ማጣት ነው። ሰዎቹ አሉሚኒየሙን ትተው ሙቀት ብዙም ወደማይለውጠው የካርቦን ጭረት የዞሩት አንድም ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የመዝገብ ቤት ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ የጋሊሊዮን ታሪክ ይስማ።

ጋሊሊዮ አሜሪካኖች ወደ ጁፒተር የላኳት መንኮራኩር ናት። ዋናው አንቴናዋ ሲዘረጋ 4.8 ሜትር ስፋት እንዲኖረው የታሰበ በመሆኑ፣ በተሸከመቻት የጠፈር ማመላለሻ ሆድ ውስጥ እንዲገባ እንደ ጃንጥላ ታጠፈ። 18 ዘንጎች ነበሩት። በዘንጎቹ ላይ የተወጠረው በወርቅ የተለበጠ ቀጭን የሞሊብዴነም ሽቦ መረብ ነው። በጥምቀት ዕለት ካህናቱ የሚይዙትን ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ያየ ሰው አሠራሩን ለመገመት አይቸገርም።

መንኮራኩሯ መጀመሪያ ልትነሳ የታሰበው እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 28 ቀን ቻሌንጀር ከሰባት ተሳፋሪዎቿ ጋር በሰማይ ላይ ጠፋች፤ ጉዞው ሁሉ ተሰረዘ። ጋሊሊዮ ከካሊፎርኒያ ወደ ፍሎሪዳ በጭነት መኪና ተወስዳ ነበርና ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰች። ኋላም እንደገና ወደ ፍሎሪዳ ተጫነች። በመጨረሻ ኦክቶበር 18 ቀን 1989 በአትላንቲስ ተሳፍራ ሄደች። አዲሱ መንገዷ በቬነስ በኩል ስለነበረ አንቴናው የፀሐይ ግለት እንዳይጎዳው ሳይዘረጋ ቆየ።

ኤፕሪል 11 ቀን 1991 ከምድር የመዘርጋት ትእዛዝ ተላከ። ሞተሮቹ መዞር ጀመሩ፣ ከዚያም ታንቀው ቆሙ። ከዘንጎቹ ጥቂቶቹ፣ መሐንዲሶቹ እንደገመቱት ሦስት ያህሉ፣ ከመካከለኛው ምሰሶ ጋር እንደተያያዙ ቀሩ። በአንድ ወገን የተከፈተ ጃንጥላ ደግሞ ከዝናብም ከፀሐይም አያስጥልም።

ምን ያዛቸው? ዘንጎቹ በጉዞ ላይ እንዳይንገላቱ ከምሰሶው ጋር የተያዙት በትናንሽ የቲታኒየም ፒኖች ነበር። ጋራዥ ውስጥ ቢሆን ግራሶ ይቀባሉ። ተራ ግራሶ ግን አየር በሌለበት ይተናል፤ ስለዚህ ፒኖቹ የተቀቡት ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ በሚባል ደረቅ ቅባት ነው። ይህ ቁስ አስገራሚ ጠባይ አለው። ጠፈር ላይ እጅግ ያንሸራትታል፤ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ሲፋተግ ግን ቶሎ ይላጣል። ቅባቱ ከተላጠ በኋላ የተራቆተ ቲታኒየም አየር በሌለበት ከሌላ ብረት ጋር ሲፋተግ ይነካከሳል፣ ይጣበቃል።

መርማሪዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ እንግዲህ ይህ ነው፦ ቅባቱ ያለቀው ጠፈር ላይ ሳይሆን አስፋልት ላይ ነው። ወደ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ ሦስት ጊዜ ሲታለፍ፣ ዘንጎቹ በመኪናው ንዝረት ፒኖቻቸው ላይ ሲፋተጉ ከርመዋል። በእኛ አገር አይሱዙ ላይ እንቁላል ወይም ብርጭቆ የጫነ ነጋዴ ይህን ለመረዳት ምርመራ አያስፈልገውም!

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ የአንቴናው ንድፍ አዲስ አለመሆኑ ነው። በምድር ዙሪያ ለሚዞሩ የመገናኛ ሳተላይቶች ተሠርቶ፣ በጠፈርም በደንብ ተዘርግቶ የታየ ንድፍ ነበር። “የተፈተነ ነው” ያሉት ሰዎች አልዋሹም። ቁሱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። ይህ አንቴና ዓመታት ጠብቋል፣ ተጭኗል፣ ተመልሷል፣ እንደገና ተጭኗል። በፈተና ክፍል የሚቀመጠው ሠልጣኝ የሚይዘው ቅጽ ሙቀትን፣ ክብደትንና ሰዓትን ይጠይቃል። “ይህ ዕቃ እስኪሄድ የት ይከርማል? በምን ይጫናል?” ብሎ ለመጠየቅ ግን ከቅጹ ውጭ ማሰብ ይጠይቃል፤ ነባሩ ባለሙያ የለመደውን ነገር ደግሞ ለመጠየቅ የሚደፍረው ብዙ ጊዜ አዲስ ሰው ነው። አለቆቹ ይሰሙታል ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

መሐንዲሶቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። መንኮራኩሯን ወደ ፀሐይ እያዞሩ አሞቋት፣ ከፀሐይ እየመለሱ አቀዘቀዟት፤ ብረቱ ሲለጠጥና ሲኮማተር ፒኖቹ ይላቀቁ ይሆናል ብለው ነው። ሞተሮቹን ከ13 ሺህ ጊዜ በላይ እንደ መዶሻ አስመቷቸው። አንቴናው እምቢ አለ።

የቀረው ትንሹ አንቴና ነው። በዋናው አንቴና በሴኮንድ 134 ሺህ ቢት ይላካል ተብሎ ታቅዶ የነበረው፣ በትንሹ ቢበዛ ቢበዛ 160 ቢት ሆነ። በቧንቧ ይወርዳል የተባለ ውሃ በጠብታ መጣ ማለት ነው። አዲስ ፕሮግራም ከምድር ተላከላት፣ ሥዕሎቹ እየተጨመቁ በቴፕ ተቀዱ፣ በምድር ያሉ ግዙፍ አንቴናዎችም ተባብረው አዳመጧት። ዲሴምበር 7 ቀን 1995 ጁፒተር ደረሰች። ዩሮፓ በምትባለው ጨረቃ የበረዶ ቅርፊት ሥር ጨዋማ ባሕር ሊኖር እንደሚችል ጠንካራውን ማስረጃ የላከችው በዚያ ጠብታ ነው። ሴፕቴምበር 21 ቀን 2003 እንዳትመለስ ተደርጋ ወደ ጁፒተር ሆድ ተላከች፤ ጃንጥላው እንደተኮማተረ።

ወደ እኛ ልምጣ። 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና ስትወነጨፍ፣ በሥራው የተሳተፉና እዚያው እየሠሩ የተማሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ነበሩ። ስለ ሮኬቱና ስለ ጭብጨባው ሰምተናል። እኔ ብጠየቅ ከእነሱ አንዱ ስለ ፈተናው ክፍል ቢጽፍልን እመርጣለሁ፦ ምን ተመዘነ፣ ምን ወደቀ፣ “ወደቀ” ያለውስ ማን ነው?

ጋሊሊዮ የጠቆመችውን ባሕር ለማጥናት ዩሮፓ ክሊፐር የተባለች መንኮራኩር ኦክቶበር 14 ቀን 2024 ተነስታለች። ትደርሳለች ተብሎ የተያዘው ለ2030 ነው። ዋናው አንቴናዋ 3 ሜትር ስፋት አለው። አይታጠፍም፤ ገና ሲሠራ ክፍት ነበር፣ ክፍቱን ሄደ።