የመቅደላ አምባና የበሽሎ መንገድ

የመቅደላ ታሪክ በትምህርት ቤት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም የሚያበቃውም ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሠዉበት ዕለት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ የአምባው ዕጣ አስቀድሞ የተወሰነው ከአምባው ግርጌ ባለው አገርና ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው ለማለት ይቻላል።

መቅደላ በወሎ ምድር የሚገኝ፣ ከፍታው ከ2700 ሜትር በላይ የሆነ፣ ዙሪያውን ገደል ያጠረው አምባ ነው። በሰሜን በኩል ወደ ዓባይ የሚገባው በሽሎ ጥልቅ ሸለቆ ሰንጥቆ ያልፋል። ንጉሠ ነገሥቱ አምባውን በ1848 ዓ.ም. ከያዙት በኋላ ግምጃ ቤትና እስር ቤት አደረጉት፤ ከየአብያተ ክርስቲያናቱ የተሰበሰቡ የብራና መጻሕፍትም በዚያው ተከማቹ።

በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከእስር አምልጠው በወይዘሮ ወርቂት ዘንድ አልፈው ወደ ሸዋ በሄዱ ጊዜ፣ የወይዘሮዋ ልጅና ሌሎች የወሎ እስረኞች በአምባው ላይ ተገደሉ። ከዚህም የተነሣ በአምባው ዙሪያ ያለው አገር ፈጽሞ ጠላት ሆነ።

በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ጋፋት ላይ የተሠራውን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ተነሡ። በጅጣና በበሽሎ ገደሎች ድንጋይ እየፈለጡ፣ ራሳቸውም ከሠራዊቱ ጋር እየሠሩ መንገድ አወጡ። መቅደላ የደረሱት 6 ወር ያህል ከደከሙ በኋላ፣ በመጋቢት ነው።

ከዙላ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ግን በደጃዝማች ካሣ ምርጫ ፈቃድ ትግራይን አቋርጦ ዋድላ ሲደርስ ይህንኑ መንገድ ተዘጋጅቶ አገኘው። በዚሁ ጅጣንና ደላንታን አልፎ ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ በሽሎን ተሻገረ። በዚያው ቀን እሮጌ ላይ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ከእንግሊዞች ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ነበሩ። በሦስተኛው ቀን አምባው ተያዘ። ብራናዎቹና ንዋያተ ቅድሳቱ ተዘርፈው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭነው ወረዱ፤ ከብራናዎቹ 350 ያህሉ ለንደን ወደሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ገቡ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም በዚያው ይገኛል።

ስለዚህ መምህሩ ቀኑን ብቻ ከማስጠናት ይልቅ ሁለት መስመሮችን በካርታ ላይ ቢያስሥል ይጠቅማል፤ አንዱ ከደብረ ታቦር፣ ሁለተኛው ከዙላ። መስመሮቹ የሚገናኙበትን ቦታ የሚያይ ተማሪ፣ አምባን የሚጠብቀው ገደሉ ሳይሆን በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ መሆኑን በራሱ ይረዳዋል።